መጋዙ ዝም ያለበት ሰዓት፦ ከዛፍ ቆራጮች ጋር የተደረገ ጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ

አስፋልቱን ከለቀቅን ጀምሮ መኪናው ይዘላል። መንገዱን አግድም የሚያቋርጡ የአፈር ጉብታዎች አሉ። ሹፌሩ አንዱን ቀስ ብሎ ይወጣና ይወርዳል፤ ትንሽ ሳይሄድ ደግሞ ሌላው ይመጣል። ወገቤን ይዤ ሳማርር የቡድኑ መሪ ሳቀብኝ። ጉብታዎቹ የተሠሩት ለውሃ ነው። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ መንገዱን ይዞ ቁልቁል እንዳይጋልብ፣ በየመሀሉ ወደ ሣሩ እንዲወጣ ያደርጋሉ።

"ወንዝ የሚደፈርሰው ዛፍ ስለተቆረጠ ይመስልሃል አይደል?" አለኝ። "ጭቃው የሚመጣው ከመንገድ ነው።"

እውነቱን ነው። ከእንጨት ምርት ጋር ተያይዞ ወንዝ ውስጥ ከሚገባው ደለል ትልቁን ድርሻ የሚይዙት የመኪና መንገድና ግንድ የሚጎተትበት መስመር ናቸው። ደለሉ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥልበትን ጠጠር ይደፍነዋል። እንቁላሉም አየር ያጣል።

እኔ የመጣሁት ግዙፍ ዛፍ ሲገነደስ ለማየት ነበር። ሰኞ ግን አንድም ዛፍ አልወደቀም። ቀኑን ሙሉ በእግር ስንዞር ዋልን። መሪው ካርታና የሚረጭ ቀለም ይዞ ከፊት፣ ጋሼ ጥቅል ሪባን ይዞ ከኋላ። ጋሼ የቡድኑ አንጋፋ ቆራጭ ነው፤ ሁሉም የሚጠራው እንደዚያ ነው። ከሥሩ የማትጠፋ አንዲት ወጣት ረዳት አለች። ሥራውን እየተማረች ነው።

የሚቆረጠው ዛፍ ላይ ቀለም ይረጫል። በማይነካው ላይ ሪባን ይታሰራል። ጎጆ ያለበት፣ ውስጡ የተቦረቦረ፣ ዘር የሚጥል ጎበዝ ዛፍ፣ እነዚህ ሁሉ ይቀራሉ። ክርክር የተነሳው ደርቆ የቆመ አንድ ዛፍ ጋ ስንደርስ ነው። እንዲህ ያለው ዛፍ ለወፍና ለነፍሳት ቤት ነው፤ የደን መመሪያዎችም ጥቂቱ እንዲቆም ይመክራሉ። ለሠራተኛ ግን ጥቂት ንዝረት ከደረሰው አናቱን ሊጥልበት የሚችል ዛፍ ነው። አንዱ ወገን ይረታል ብዬ ጠበቅሁ። ጋሼ የዛፉን ቁመት በዓይኑ ለካና ዙሪያውን ሰፊ ክብ አድርጎ በሪባን አጠረው። ዛፉ ይቆማል፤ ሰው ወደ ክቡ አይገባም። ክቡ ውስጥ የነበሩት ለመቆረጥ የታሰቡ ዛፎችም አብረው ተረፉ። "ኪሳራ ነው" አለ መሪው። ሪባኑን ግን አላነሳውም።

ከመመለሳችን በፊት በመኪናው በር ላይ በውስጥ በኩል የተለጠፈውን ወረቀት አሳየኝ። የሥራ ቦታው የጂፒኤስ ቁጥር አለበት። አምቡላንስ እስከየት ድረስ መግባት እንደሚችል፣ ስልክ የሚሠራው የትኛው ጉብታ ላይ እንደሆነ፣ አደጋ ቢደርስ ወደ መንገድ ሮጦ እርዳታውን የሚቀበለው ማን እንደሆነ ተጽፏል። ለብቻው የሚሠራ ሰው የለም። እያንዳንዱ ቆራጭ የደም ማቆሚያ ማሰሪያ ወገቡ ላይ ይይዛል። መኪናው ውስጥ ያለ ማሰሪያ ታፋው ለተቆረጠ ሰው አይደርስለትም፤ ትልቅ የደም ሥር ከተበጠሰ የሚቀረው ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ናቸው።

ይሄ ጥንቃቄ በዛ ለሚል ሰው አንድ ቁጥር አለኝ። በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 ግንድ በማምረት ሥራ ላይ ከተሰማሩት መካከል የሞት አደጋው ከ100,000 ሠራተኞች 100 ገደማ ነበር። የሁሉም ሥራ አማካይ 3.7 ነው። ያውም ማሽኑም፣ ደንቡም፣ ሆስፒታሉም ባለበት አገር።

ማክሰኞ

ጠዋት ሁሉም ሲለባብስ ቆሜ አየሁ። ሄልሜቱ ከፊት መረብ፣ ከጎን የጆሮ መከላከያ አለው። ጫማው ጣቱ ላይ ብረት ያለው ነው። ልብሱ ከሩቅ የሚጮህ ብርቱካናማ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሱሪው ነው። ሲያዩት ተራ ወፍራም ሱሪ ይመስላል። ውስጡ በረጃጅም ክሮች የተሞላ ነው። መጋዙ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው ሰንሰለቱ በሰከንድ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሮጣል፤ በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ጨርቁን ሲነካው ክሮቹ ተመዘው ወጥተው ሰንሰለቱን በሚያዞረው ጥርስ ላይ ይጠመጠማሉ። ሰንሰለቱ ይቆማል።

"አይቆርጥህም ማለት አይደለም" አለች ረዳቷ። "ትንሽ ይቆርጥሃል ማለት ነው።" አንዴ የተነካ ሱሪ ደግሞ ተሰፍቶ አይለበስም። ክሮቹ አንዴ ከተመዘዙ ሥራቸውን ጨርሰዋል፤ መርፌውም የቀሩትን እርስ በርስ ይሰፋቸዋል።

ጋሼ የጀመረው ወደ 25 ሜትር ከሚደርስ ጥድ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ የዛፉን ቁመት እጥፍ፣ ማለትም ቢያንስ 50 ሜትር ራቀ። እኔም አብሬ ራቅሁ። ከዚያ በኋላ መሪው ፈቅዶልኝ ከእሱ ጋር ትንሽ ቀረብ ብዬ፣ ከኋላ በኩል ቆሜ፣ ከመቆረጡ በፊት ያለውን ብቻ አየሁ።

መጋዙ መሬት ላይ ነው። ጋሼ ዛፉን ይዞራል። ወደ ላይ ያያል፣ አሁንም ይዞራል። ዛፉ ወዴት ዘንበል ብሏል? ቅርንጫፉ የሚበዛው በየትኛው ወገን ነው? ነፋሱስ? ከጎረቤት ዛፍ ጋር የተያያዘ ሐረግ አለ? በሞቃት አገር ደኖች ሐረግ ትልቅ ጣጣ ነው። አንዱን ዛፍ ስትጥል ሐረጉ ሌላውን ይዞብህ ይመጣል፤ ስለዚህ ከወራት በፊት ቀድሞ ይቆረጣል። እዚህ ሐረግ የለም። ግን ከበላይ አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ ሌላው ላይ ተንጋሎ ተቀምጧል። ጋሼ ጣቱን ቀስሮ አሳየን። ቀጥሎ በመጥረቢያው ጀርባ ግንዱን መታ መታ አደረገው። ድምፁ ድፍን ነው፤ ውስጡ አልበሰበሰም።

ከዚያ ማምለጫ መንገዱን መጥረግ ጀመረ። ዛፉ ከሚወድቅበት በተቃራኒ፣ በሰያፍ፣ 45 ዲግሪ ገደማ። ቁጥቋጦውን ቆረጠ፣ ድንጋዩን በእግሩ ገፋ፣ አንድ ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መሸሽ ክልክል ነው። ግንዱ ሲወድቅ ታችኛው ጫፉ ከጉቶው ላይ ተንሸራቶ ወደ ኋላ ሊወረወር ይችላል። ይሄ ሁሉ ሲሆን መጋዙ አልተነሳም።

እኛ ወደ ቦታችን ተመለስን። መጋዙ ጮኸ። በመውደቂያው በኩል ሰፊ አፍ ከፈተ፤ ጥልቀቱ የግንዱን አንድ አራተኛ ያህል ነው። ከዚያ ከኋላ ገባ። የሁለቱ ቁርጦች ጫፍ አይገናኝም። መሀላቸው ላይ የሚቀረው ያልተቆረጠ እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን እየያዘ ወደሚፈለገው አቅጣጫ ያወርደዋል። ውፍረቱ የግንዱ አንድ አሥረኛ ገደማ መሆን አለበት። ከዚያ ከሳሳ ዛፉ ደስ ባለው አቅጣጫ ይሄዳል። ከወፈረ ደግሞ አልወድቅ ይልና ግንዱ ሽቅብ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ከሁሉም የሚፈራው እሱ ነው። ከኋላ ቁርጡ ውስጥ የፕላስቲክ ሽብልቅ መታ። ዛፉ ሲንቋቋ መጋዙን አወጣ፣ የሰንሰለቱን ፍሬን ገፋ፣ ዓይኑን ከላይ ሳይነቅል በጠረገው መንገድ ሄደ። ወደቀ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

ማንም ወዲያው አልቀረበም። ሁሉም ወደ ላይ እያየ ነው። የደረቀው ቅርንጫፍ ትንሽ ቆይቶ ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ረዳቷ ቀጭን ዛፍ ጣለች። የወደቀው ካሰበችበት ትንሽ ወደ ግራ ነው። ጋሼ አልተቆጣም። "ልጄ፣ ጉቶውን ለኪው" አላት። ሜትር አወጣች። የማጠፊያው አንዱ ጫፍ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው 2 ተኩል። ወፍራሙ ወገን ዛፉን ጎትቶታል። ጉቶ የተፈረመ ወረቀት ነው፤ ማን እንዴት እንደቆረጠ ከዓመታት በኋላም ይነበብበታል። ቀጣዩን ስትቆርጥ በአንዱ በኩል ቆማ ገምታ አላለፈችም። ዞራ ሌላውንም ጎን አየች።

ስለ መጋዙ ጫፍ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው በቤቱም ስለሚጠቀምበት። ሰንሰለቱ የሚሽከረከርበት ረጅም ብረት ጫፉ ላይ፣ የላይኛው ሩብ እንጨት ከነካ መጋዙ በቅጽበት ወደ ፊትህ ይወነጨፋል። ከሰው ምላሽ ይፈጥናል። ስለዚህ የግራ እጅ አውራ ጣት እጀታውን ዞሮ ይይዛል፤ ጭንቅላትና ትከሻም ከብረቱ ትይዩ መሆን የለባቸውም። ከትከሻ በላይ መቁረጥ የለም። መሰላል ላይ ሆኖ መቁረጥ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ረቡዕ

ከተራራው ማዶ ባለፈው ወር አውሎ ነፋስ የጣለው ቦታ አለ። እዚያ በእግር ነው የሚደረሰው። ስናየው ሁሉም ዝም አለ። ዛፎቹ እርስ በርሳቸው ተደራርበዋል። አንዳንዱ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ሥሩ ከነአፈሩ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል።

ለእኔ የወደቀ ዛፍ ያለቀለት ነገር ነው። ለጋሼ ግን ከቆመው የባሰ ነው። የተጎበጠ ግንድ ውስጥ ጉልበት ተጠራቅሟል። በአንድ ወገን እንጨቱ ተለጥጧል፣ በሌላው ተጨምቋል። የተለጠጠውን ወገን ዝም ብለህ ከቆረጥከው ግንዱ ተስፈንጥሮ ይመታሃል። ስለዚህ መጀመሪያ የተጨመቀው ወገን ጥቂት ይቆረጣል፣ ቀጥሎ የተለጠጠው፣ ቀስ በቀስ። ሰውየው የሚቆመው ግንዱ በማይወረወርበት በኩል ነው። የተነቀለው ሥር ደግሞ የራሱ ፀባይ አለው። ግንዱ ሲቆረጥለት ክብደቱ ይቀልና ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ይገባል። አንዳንዴም ወደ ፊት ይደፋል። ከጀርባው ማንም አይቆምም፤ ለእረፍትም ቢሆን።

እ.ኤ.አ. በጥር 2005 ጉድሩን የተባለው አውሎ ነፋስ በደቡብ ስዊድን በአንድ ሌሊት 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል እንጨት ጣለ። ነፋሱ ካለፈ በኋላ የወደቀውን ሲያነሱ የሞቱ ሰዎች ነበሩ፤ ሥራውን ያውቁታል የሚባሉ ባለ ደኖች ጭምር። መሪው ይህንን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ይናገራል።

እንዲህ ባለ ቦታ ከእጅ መጋዝ ይልቅ ማሽን ነው የሚመረጠው። ሰውየው በብረት ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ በማሽኑ ክንድ ያነሳል። ማሽን በማይገባበት ብቻ ነው በእጅ የሚሠራው። ያንን ለመወሰን ግማሽ ቀን ፈጀ።

አንድ ዛፍ ሲወድቅ ሌላው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በሁሉም ቡድን ዘንድ ፈተና የሚሆነው ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰው አቋራጭ ያውቃል። ሥሩ ገብተህ የያዘውን ዛፍ መቁረጥ። ወይም ሌላ ዛፍ በላዩ ላይ መጣል። ሁለቱም ሰው ገድለዋል፤ ሁለቱም ክልክል ናቸው። ትክክለኛው በሽቦ ገመድ ከሩቅ መጎተት ነው፤ ገመዱና ማሽኑ ግን ያሉት ሸለቆው ውስጥ ነው። ዙሪያውን በሪባን አጥረው ትተውት ሄዱ። እንጨቱ ተንጠልጥሎ አደረ፤ የዕለቱ ምርት በዚያው ልክ ጎደለ።

ሐሙስ

ወደ ሸለቆው ወረድን። ወንዙ ትንሽ ነው፤ ዘለህ ልትሻገረው ትችላለህ። ትራክተሩ ግን መሻገር አይችልም፤ በፍጹም። በሁለቱም ዳር ዛፉ ሳይነካ የሚቀርበት ንጣፍ በሰማያዊ ሪባን ተለይቷል። እንደ ቦታው ቁልቁለትና እንደ ወንዙ ስፋት ይህ ንጣፍ ይለያያል፤ በብዙ መመሪያዎች ከ10 እስከ 30 ሜትር ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው የደን ምርት አሠራር መመሪያም ወንዝ ዳር ያለውን ንጣፍ መጠበቅ ከዋና ዋናዎቹ ነገሮች አንዱ ነው። ዛፎቹ ለውሃው ጥላ ይሰጣሉ፣ ሥራቸው ዳርቻውን ይይዛል፣ ከላይ የሚመጣውን አፈር ደግሞ ያጣራሉ።

በንጣፉ ጠርዝ ላይ ያለ ዛፍ ሲቆረጥ ወደ ወንዙ ሳይሆን ከወንዙ ርቆ እንዲወድቅ ነው የሚደረገው። ማክሰኞ ያየሁት የማጠፊያ ነገር እዚህ ሌላ ትርጉም ያዘ። እግርን የሚያድነው ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ ወንዝንም ያድናል።

ትራክተሩ በተመደበለት መስመር ብቻ ነው የሚሄደው። ለእኔ የሚታየኝ ተበታትኖ ቢሄድ ጉዳቱ የሚሳሳ ነበር። ሁሉም ሰው እንደዚያ ስለሚያስብ መሪው መልሱን አፉ ላይ ነበር ያስቀመጠው። አፈር በጣም የሚጠቀጠቀው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምልልሶች ነው። ከዚያ በኋላ በዚያው ላይ ሃያ ጊዜ ብትሄድ የሚጨመረው ጥቂት ነው። ስለዚህ ጥቂቱን መሬት መሥዋዕት አድርገህ ሌላውን ታተርፋለህ። የተጠቀጠቀ አፈር ውሃ አያሰርግም፣ ሥርም አያስገባም፤ በአንዳንድ ቦታ ለማገገም አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። መስመሩም ባዶ አይተውም። ከዛፎቹ የተመለመለው ቅርንጫፍ ይነጠፍበታል፤ ጎማው እሱን ይረግጣል እንጂ አፈሩን አይረግጥም።

ግንድ ሲጎተት አደጋው ገመዱ ነው። ተወጥሮ የሚበጠስ የሽቦ ገመድ መንገዱ ላይ ያገኘውን አይምርም። ገመዱን የሚያስረው ሠራተኛ አስሮ ይወጣል፣ ሹፌሩ በዓይኑ እስኪያየውና በእጁ ምልክት እስኪሰጠው ድረስ አይጎትትም። "የወጣ ይመስለኛል" የሚባል ነገር የለም። ካላየው ሞተሩ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ጠበቀ፤ ሠራተኛው የተፈታ የጫማ ክሩን እያሰረ ነበር።

ነዳጅ የሚሞላው ከወንዙ ርቆ ነው፣ በተዘጋጀ ቦታ፣ ከሥሩ ምንጣፍ ተነጥፎ። ሰልባቲዮው ሲሞላ በራሱ የሚዘጋ አፍ ያለው ጀሪካን ይጠቀማሉ። አጠገቡ የፈሰሰ ዘይት የሚመጥ ነገር የያዘ ከረጢት አለ። አንድ ያላሰብኩት ነገር ግን የሰንሰለቱ ዘይት ነው። የመኪና ሞተር ዘይት ሞተሩ ውስጥ ይዞራል። የሰንሰለት ዘይት ግን አይመለስም። ሰንሰለቱን አልስልሶ እየተረጨ ያልቃል። በቀን ወደ መጋዙ የሚሞላው የሰንሰለት ዘይት በሙሉ በዚያው ቀን ጫካው ውስጥ ይቀራል ማለት ነው፤ ሰጋቱራው ላይ፣ ቅጠሉ ላይ፣ የቆራጩ ሱሪ ላይ። ለዚህ ነው ከአትክልት ዘይት የተሠራውና አፈር ውስጥ የሚበሰብሰው የሚመረጠው። ኦስትሪያ ከማዕድን ዘይት የሚሠራውን ከከለከለች ቆይታለች። የተቃጠለ የመኪና ዘይት እየሞሉ የሚሠሩ አሉ፤ ርካሽ ነው፣ ግን መርዙ መጀመሪያ የሚደርሰው ለቆራጩ ቆዳና ሳንባ ነው።

ዓርብ

ዘነበ። ትራክተሩ ቆመ። እርጥብ አፈር ላይ ጎማ ማስኬድ የትናንቱን ሥራ ገደል መክተት ነው፤ በረጠበ ቁልቁለት ላይ መጋዝ ይዞ መቆምም ሌላ ጣጣ ነው።

በድንኳኑ ሥር ሁሉም ሞረድ አወጣ። ሰንሰለት ሲሳል መጠለያው ሙሉ የብረት ድምፅ ነው። የደነዘ ሰንሰለት ዱቄት ያወጣል፣ የተሳለ ቁራጭ ቁራጭ ያወጣል። የደነዘውን ሰንሰለት ሰው ይገፋዋል። ከተገፋ ደግሞ ይዘላል። ጋሼ ሲስል ግራ እጁን አየሁ። ሁለቱ ጣቶቹ ጫፋቸው ነጥቷል። ሲበርደው እንደዚያ ይሆናሉ፣ ስሜትም የላቸውም። ለብዙ ዓመት የመጋዝ ንዝረት ያመጣው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በደን ሠራተኞች ላይ በብዛት ሲታይ፣ በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ ላይ በመንግሥት ደኖች መጋዝ የሚያዝበት ጊዜ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል እንዲሆን ተወሰነ። የዛሬ መጋዞች በእጀታውና በሞተሩ መካከል ጸደይ ወይም ጎማ አላቸው። ሥራ መቀያየርና እጅን ማሞቅ ግን አሁንም አይተካም።

ጆሮም እንደዚያው ነው። 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት የሚቻል ድንበር ነው። በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ መጋዝ ደግሞ ከ100 በላይ ይጮሃል። ጋሼን ከግራ በኩል ስታናግረው አይሰማህም። ወጣት ሳለ የጆሮ መከላከያ የፈሪ ነገር ይባል ነበር አለ። ረዳቷ ይህን ስትሰማ ምንም አላለችም፤ የራሷን መከላከያ ስፖንጅ አውጥታ አየችውና ስለቆሸሸ ቀየረችው።

ቅዳሜ

ፀሐይ ወጣች። ወደ ሸንተረሩ ወጣን። ከዓመታት በፊት የተቃጠለ ወገን ነው። ጥቁር ጉቶ አሁንም አለ፤ በመሀሉ ችግኝ እየተተከለ ነው። አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ከዋናው ጥድ ጋር የአገሩ ዛፎችም በቡድን በቡድን ይገባሉ። ነፍሳት ወይም በሽታ ሲመጣ አንድ ዓይነት ደን አንድ ላይ ነው የሚያልቀው።

ችግኝ መትከል ቀላል ይመስላል። ከባድ ከረጢት በአንድ ትከሻ፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና። ወገብና የእጅ አንጓ የሚያልቀው እዚህ ነው። ከረጢቱ ሁለት ማንገቻ አለው፣ ክብደቱ ዳሌ ላይ ያርፋል፣ በየሰዓቱ ውሃ ይጠጣል። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም፤ እኔም ጥቂት ተክዬ ነው ወገቤን የያዝኩት።

ስለ እሳት ግን ልናገር። የመጋዙ ማርሚታ ደረቅ ሣር ለማቀጣጠል ይበቃል። ስለዚህ የጋለ መጋዝ ሣር ላይ አይቀመጥም። ነዳጅ ከመሞላቱ በፊት ይቀዘቅዛል፣ ተሞልቶም የሚነሳው ከተሞላበት ቦታ ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ ነው። በደረቅ ወራት ሥራ የሚቆመው በቀትር ነው። መጋዙ ከቆመ በኋላ አንድ ሰው ቀርቶ ጭስ ይጠብቃል።

እሳት ሽቅብ ሲሄድ ይፈጥናል፤ ነበልባሉ ከፊቱ ያለውን ሣር አስቀድሞ ያደርቀዋል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 5 ቀን 1949 በሞንታና፣ ማን ጉልች በተባለ ገደላማ ቦታ እሳት ሊያጠፉ የገቡ ሰዎችን ከታች ያለው እሳት ዳገቱን ይዞ ደረሰባቸው። 13 ሰዎች ሞቱ። በ1991 ደግሞ ፖል ግሊሰን የተባለ አሜሪካዊ እሳት ተከላካይ ነገሩን በአራት ነገሮች አሳጠረው፦ እሳቱን የሚጠብቅ ዓይን፣ የማይቋረጥ ግንኙነት፣ ማምለጫ መንገድ፣ መሸሸጊያ ቦታ። ዝርዝሩን ሳነብ ጋሼ ከመጋዙ በፊት የሚጠርገው ያ ሰያፍ መንገድ ትዝ አለኝ። ለእሳትም ለዛፍም መውጫው አስቀድሞ ነው የሚጠረገው።

በመመለሻው መንገድ ላይ መሪውን ያልተመቸኝን ነገር ጠየቅሁት። ዛፍ መዞር፣ ሪባን ማሰር፣ የተንጠለጠለውን ትቶ መሄድ፣ ዝናብ ሲመጣ መቆም። ይሄ ሁሉ ጊዜ ነው። ጊዜውን የሚከፍለው ማን ነው?

በብዙ ቦታ ቆራጭ የሚከፈለው በሜትር ኩብ ነው። መጋዙ ዝም ያለበት ሰዓት ከእሱ ኪስ ይወጣል። እንዲህ እየከፈሉ "ጥንቃቄ አድርግ" የሚል ሰሌዳ መስቀል ለእኔ ቀልድ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው የደን ሥራ ደህንነት መመሪያ ላይ ኃላፊነቱ ከአሠሪው እንደሚጀምር ይላል፤ ሄልሜቱን ከማን ኪስ እንደሚገዛም ጭምር። በውሉ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የእንጨቱ መጠንና የማስረከቢያው ቀን ነው።

የቡድኑ መሪ እጁን የመኪናው መሪ ላይ እንዳደረገ ትንሽ አሰበ። የእነሱ ቡድን ባለፈው ውል ላይ ዋናውን ክፍያ በቀን አድርጎታል። ጉርሻው የሚታሰበው በእንጨቱ ብዛት አይደለም፤ ሳይጎዱ በቀሩ ዛፎችና በጉቶዎቹ አቆራረጥ ነው። ሜትር ይዞ ዞሮ የሚለካ ሰው አለ።

"ምርቱ ቀነሰ?" አልኩት።

"በመጀመሪያው ወር ቀነሰ። ከዚያ ተመለሰ። የተሰነጠቀ ግንድ ቀነሰ፣ የተሰበረ መጋዝ ቀነሰ፣ በሕመም የሚቀር ሰው ቀነሰ።"

"ታዲያ ለምን ሁሉም አያደርገውም?"

"የመጀመሪያውን ወር የሚችል ባለቤት ስታገኝ ነዋ።"

አዲሱ ውል በሚቀጥለው ወር ይፈረማል። ባለቤቱ በሜትር ኩብ እንዲመለስ ይፈልጋል። እስካሁን አልተስማሙም።